9,000 ከ50,000 ሲበልጥ

ሰላም እህቴ፣ ጥያቄሽን ከነስክሪንሾቱ አይቼዋለሁ። ላላነበባችሁት፦ እህታችን በፓወር አውቶሜት (ሥራን በራሱ የሚያስኬድ የማይክሮሶፍት መሣሪያ) የግዢ መጠየቂያ ፍሎው፣ ማለትም በራሱ የሚሄድ የሥራ ቅደም ተከተል፣ ሠርታለች። ጥያቄው በማይክሮሶፍት ፎርምስ ይሞላል፤ ከ50,000 ብር በላይ ከሆነ ወደ ሥራ አስኪያጁ፣ ካልሆነ ወደ ክፍል ኃላፊው መሄድ ነበረበት። አሁን ግን የ9,000 ብር ጥያቄ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ እየደረሰ ነው። «ስንት ኮንዲሽን (ሁኔታን የሚፈትሽ ሳጥን) ልጨምርበት?» ትላለች።

አንድም አትጨምሪ። ሳጥን ብትደራርቢበት ስህተቱ ይደበቃል እንጂ አይጠፋም።

ፎርምስ የተሞላውን ቁጥር የሚያስረክብሽ በጽሑፍ መልክ ነው። አንቺም ጣሪያውን ያስቀመጥሽው ስትሪንግ (ጽሑፍ) በሆነ ቫሪያብል (ዋጋ መያዣ) ውስጥ ነው። ሁለቱም ጽሑፍ ሲሆኑ ፍሎው የሚያነጻጽራቸው ቃላት በመዝገበ ቃላት እንደሚደረደሩት ከፊት ጀምሮ ነው። 9 ከ5 ስለሚበልጥ 9000 በለጠ። አንዱ ወገን እንኳ ቁጥር ቢሆን ኖሮ ፍሎው ቀይ ስህተት አሳይቶ ይቆም ነበር፤ አሁን ግን ድምፁን አጥፍቶ ይሳሳታል።

እኔን የሚያስጨንቀኝ 9,000ው ሳይሆን 120,000ው ነው። 1 ከ5 ስለሚያንስ በክፍል ኃላፊ ፊርማ ብቻ ያልፋል። በእኔ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። ሥራ አስኪያጁ ሳያዩት ያለፈ ትልቅ ግዢ የተገኘው ፋይናንስ ክፍል ሰነድ ሲያመሳክር ነው፤ ፍሎውን የሠራሁት እኔ ስለነበርኩ ቆሜ ያስረዳሁትም እኔ ነኝ። ስለዚህ እባክሽ ያለፉትን ጥያቄዎች ዛሬውኑ መልሰሽ ፈትሺ።

ማስተካከያው ሁለቱንም ወገን ቁጥር ማድረግ ነው፦ ሳንቲም ከሌለው «ኢንት»፣ ካለው «ፍሎት» በሚባለው ፈንክሽን (ጽሑፉን ወደ ቁጥር በሚቀይር ትእዛዝ)። ኢንት ባዶ ጽሑፍ ከገባበት ፍሎው ይወድቃል። ለዚህ ብዙ ሰው «ኮአሌስ»ን ይመክራል፤ ኮአሌስ ግን የሚተካው ነልን (ምንም ዋጋ አለመኖርን) ብቻ ነው፣ ባዶ ጽሑፍን እንዳለ ያሳልፈዋል። ይልቅ ፎርሙ ላይ ጥያቄውን ግዴታ አድርጊው፣ ቁጥር ብቻ እንዲቀበልም ገድቢው።

ከዚያ ውሳኔውን አንድ ቦታ ሰብስቢው። አንድ ኮምፖዝ (ውጤት አስልቶ የሚይዝ እርምጃ) ክፈቺና በ«ኢፍ» ኤክስፕሬሽን (ቀመር) «ሥራ አስኪያጅ» ወይም «ኃላፊ» የሚል ቃል እንዲያወጣ አድርጊ፤ ቀጥሎ ያለው ስዊች (እንደ ቃሉ መንገድ የሚመርጥ እርምጃ) ያንን ቃል ብቻ ይይ። ነገ ሦስተኛ እርከን ቢመጣ የምትነኪው ያንኑ ኤክስፕሬሽን ነው፤ ለስዊቹም አንድ ኬዝ (መንገድ) ትጨምሪለታለሽ። ከሁሉ በላይ ራን ሂስትሪ (ፍሎው የሠራው የሚመዘገብበት ታሪክ) ውስጥ ገብተሽ ፍሎው ምን ብሎ እንደወሰነ በቃሉ ታነቢያለሽ። ኮንዲሽን ሳጥን እውነት ወይም ሐሰት ብቻ ነው የሚልሽ፤ እኔ ስህተቴን ለማግኘት የዘገየሁት በዚህ ምክንያት ነው።

ፍሎው ውስጥ ቀንና ሰዓት እንዴት እንደሚያዝም ጠይቀሽ ነበር። የአሁኑን ሰዓት የሚሰጠው ፈንክሽን «ዩቲሲናው» ከአዲስ አበባ ሰዓት በሦስት ሰዓት ወደኋላ ነው፤ «ኮንቨርት ታይም ዞን» ውስጥ የምሥራቅ አፍሪካን ሰዓት ምረጪ። የበጀት ዓመቱን ሐምሌ 1 ብለሽ የምትቆጥሪ ከሆነ በፍሎው ውስጥ ጁላይ 8 ብለሽ ጻፊው፤ ፍሎው የእኛን አቆጣጠር አያውቅም።

አስተካክለሽ በ9,000፣ በ50,000 እና በ120,000 ሞክሪው፤ ኮምፖዙ ያወጣውን እዚሁ ለጥፊልኝ፣ አብረን እናየዋለን።