ከሦስቱ የትኛውን ልተው?

ለተከበሩ የምክር አምድ አዘጋጅ፣

ዕድሜዬ 38 ነው። በግራፊክስ ዲዛይን ሥራ 14 ዓመት አሳልፌአለሁ፤ የመጀመሪያዎቹን ስምንት ዓመታት ለቡና ላኪዎች፣ ለዳቦ ቤቶችና ለአነስተኛ ፋብሪካዎች አርማና ማሸጊያ ስሠራ ቆየሁ። ቀጥሎ አንድ የሶፍትዌር ድርጅት ቀጥሮኝ የስልክ መተግበሪያዎችን ገጽታ እነድፋለሁ፤ ቅዳሜና እሁድ ግን አሁንም የአርማ ሥራ እቀበላለሁ። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ደግሞ በአንድ ኮሌጅ ማታ ማታ አስተምራለሁ። ኮሌጁ አሁን በቋሚነት እንቅጠርህ ብሎኛል፤ ደመወዙ ግን ከማገኘው ግማሽ አይሞላም። ባለቤቴ ሁለት ልጆች ይዘን ይህ አይሆንም ትላለች፤ አልተሳሳተችም። የቀድሞ ባልደረቦቼም ሁለት ወዶ አይሆንም እያሉ ይመክሩኛል። ባለፈው ወር የአማርኛው ጽሑፍ በመተግበሪያችን ላይ ከላይና ከታች እየተቆረጠ እንደሚታይ በስብሰባ አስረድቼ ሰሚ አጣሁ። በዚያው ዕለት ማታ ተማሪዎቼ ያንኑ ችግር በራሳቸው ዓይን አይተው ሲያርሙት ስመለከት የተሰማኝ ደስታ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። ሆኖም ከሁሉም ቀማምሼ በአንዱም ሳልበስል እንዳልቀር እሰጋለሁ። የትኛውን ልተው?

መ. ነኝ፣ ከአዲስ አበባ

ውድ መ.፣

ስጋትዎን እረዳለሁ፤ ነገር ግን በደብዳቤዎ ውስጥ ያየሁት ሦስት ሙያ ሳይሆን፣ ፊደላችን በጠባብ ቦታ ሳይጎዳ እንዲነበብ የሚደክም አንድ ሰው ነው። የላቲን ትናንሽ ፊደላት ብዙዎቹ ከላይና ከታች ክፍት ቦታ ይተዋሉ። የእኛዎቹ ግን ቁመታቸውን ሞልተው ስለሚቆሙ፣ ለላቲን ተብሎ የተወሰነ የመስመር ርቀት ያፍናቸዋል። «ሉ»ን ከ«ሊ» የሚለየው የአንዲት ትንሽ ሰረዝ ቦታ ነው፤ በአንዱ ከወገብ፣ በሌላው ከእግር ትወጣለች። የ«ሌ» ቀለበት ደግሞ ጽሑፉ ሲያንስ ይደፈናል። ቀለም በካርቶን ላይ ፈስሶ ይህን ሲያበላሽበት ስምንት ዓመት ያየ ሰው፣ በስልክ ላይ ሲደገም ቀድሞ ማየቱ አይገርምም።

ፊደላችን ዩኒኮድ ወደተባለው የኮምፒውተሮች የጋራ የፊደል መለያ ሥርዓት የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው ሦስተኛው ዕትም ነው። ከዚያ በፊት በአንዱ ሶፍትዌር የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ሆኖ ይወጣ ነበር፤ በዚያ ዘመን የደከምን ሰዎች አንረሳውም። ኮምፒውተሩ ፊደሉን ማወቁ ግን ፊደሉ በወጉ ተቀምጧል ማለት አይደለም፤ ያን የሚያስተካክሉ ሰዎች ያስፈልጉናል፣ እነርሱንም የሚያስተምር ሰው ያስፈልጋል። አሜሪካዊቷ ዲዛይነር ሙሪየል ኩፐር ኤምአይቲ የተባለውን የአሜሪካ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት አርማ ከነደፈች በኋላ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በዚያው ዩኒቨርሲቲ ዲዛይንን ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኝ ዎርክሾፕ ከባልደረባዋ ጋር መሥርታ አስተምራለች። በ1994 እ.ኤ.አ. ከመሞቷ ጥቂት ወራት በፊትም ጽሑፍ በስክሪን ውስጥ ጥልቀት ባለው ቦታ ሲንቀሳቀስ ለታዳሚዎች አሳይታለች። በእርሷ ዘንድ አንዱ ሥራ ሌላውን ይመግብ ነበር።

ይህን ስል ግን ቋሚውን ቅጥር አሁን ይቀበሉ ማለቴ አይደለም፤ የባለቤትዎ ሐሳብ ትክክል ነው። የድርጅቱን ሥራ አይልቀቁ፤ ለተማሪዎችዎ የሚያመጡት ትኩስ ችግር የሚገኘው ከዚያው ነውና። እኔ የምተወው የቅዳሜና እሁዱን ሥራ ነው። ለኮሌጁም በቋሚነት ፋንታ የግዕዝን ፊደል በማሸጊያና በስክሪን ላይ ስለ ማስቀመጥ አንድ ኮርስ ነድፈው፣ ለአንድ ዓመት በውል ሊያስተምሩት እንደሚፈልጉ ይንገሩት። የቆዩ ንድፎችዎን፣ ደንበኛ የጣላቸውንም ጭምር፣ ይዘው ይግቡ፤ ተማሪ ከተሳካው ይልቅ ከታረመው ብዙ ያያል።

ስለ ስብሰባውም አንድ ነገር ልጨምር። ሐሳብዎን በቃል ብቻ ከማስረዳት ይልቅ፣ ዓይናቸው የደከመ አንድ አዛውንት ያንኑ ገጽ በስልካቸው ሲያነቡ ከእርማቱ በፊትና በኋላ በቪዲዮ ይቅረጹና ለኃላፊዎችዎ ያሳዩ፤ የአዛውንቱን ፈቃድ መጠየቅ ግን አይርሱ። የኮሌጁን ውል ከመፈረምዎ በፊት ደግሞ፣ የማታው ክፍያ ከሚተዉት የቅዳሜና እሁድ ገቢ ምን ያህሉን እንደሚተካ ከባለቤትዎ ጋር ተቀምጣችሁ አስሉ።