ካሜራው የቀረጸው ቪዲዮ ኤዲቲንግ ላይ ለምን ይጎትታል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሰርግ የምቀርጸው በሁለት ካኖን 80ዲ ነው። ላፕቶፔ ኮር አይ 5፣ ራሙ 8 ጊጋ ነው። ክሊፖቹን በተራ ማጫወቻ ስከፍታቸው ጥሩ ይሄዳሉ። ኤዲት በማደርግበት ፕሮግራም፣ ፕሪሚየር ላይ ግን ስታክ ያደርጋሉ፤ ወደ ኋላ ስመልስ ደግሞ ጭራሽ ይቆማሉ። ላፕቶፕ መቀየር አለብኝ ማለት ነው?
አንባቢ፣ ከአዳማ

መልስ፦ አሁን አይቀይሩ። 80ዲ አይፒቢ በሚባለው የተለመደ የማሸጊያ ቅንብር 1080ፒ በ25 ፍሬም ሲቀርጽ በሰከንድ 30 ሜጋቢት ገደማ ነው የሚጽፈው። ይህ ለላፕቶፕዎ ብዙ አይደለም፤ የሚያስቸግረው የታሸገበት መንገድ ነው። ካሜራው የሚጠቀምበት ኤች.264 የተባለው የቪዲዮ ማሸጊያ ዘዴ እያንዳንዱን ፍሬም ሙሉ ምስል አድርጎ አያስቀምጥም። አንዱን ሙሉ ይጽፍና የሚቀጥሉትን አሥር፣ አሥራ አራት ፍሬሞች «ምን ተለወጠ» በሚለው ብቻ ይመዘግባቸዋል። ማጫወቻ ከመጀመሪያው ጀምሮ ተራ በተራ ስለሚፈታቸው አይቸገርም። እርስዎ ግን ሙሽሮቹ ቀለበት የሚያጠልቁበት ቅጽበት ላይ ለመቁረጥ አንድ ፍሬም ወደ ኋላ ሲመልሱ፣ ፕሮሰሰሩ እስከ ቀዳሚው ሙሉ ፍሬም ተመልሶ በመሃል ያሉትን ሁሉ እንደገና መፍታት አለበት። ሁለት ካሜራ በመልቲካም፣ ማለትም ጎን ለጎን በአንድ ጊዜ፣ ሲያስኬዱ ሥራው እጥፍ ይሆናል።

መፍትሔው እያንዳንዱን ፍሬም ለብቻው ሙሉ አድርጎ ወደሚያስቀምጥ ኮዴክ (የማሸጊያ ዘዴ) መቀየር ነው፤ ፕሮሬስ ወይም ዲኤንኤክስኤችዲ። ዋጋው ቦታ ነው። የአንድ ሰዓት ኦሪጅናል 13.5 ጊጋባይት ገደማ ሲሆን፣ በፕሮሬስ 422 ወደ 55 ጊጋባይት፣ በፕሮሬስ ኤልቲ ወደ 38፣ በፕሮሬስ ፕሮክሲ ወደ 17 ጊጋባይት ይሆናል። ስድስት ሰዓት የሰርግ ቀረጻ ሙሉውን ወደ 422 ቢቀይሩ 330 ጊጋባይት ይፈልግብዎታል።

ስለዚህ ለእርስዎ የምንመክረው ፕሮክሲ ነው፤ ይኸውም ለሥራ ብቻ የሚዘጋጅ ቀላል ቅጂ ነው። በቀላሉ ቅጂ ላይ ይቆርጣሉ፣ ፕሪሚየር ኤክስፖርት ሲያደርግ ኦሪጅናሉን ይጠቀማል። መጀመሪያ ግን፣ ክሊፖቹን ወደ ፕሪሚየር ከማስገባትዎ በፊት ስማቸውን ይቀይሩ። ሁለቱም ካሜራዎች «ኤምቪአይ 0001» ብለው ስለሚጀምሩ ስሞቹ ይደጋገማሉ፤ በኋላ ፕሮክሲ ከኦሪጅናሉ ሲነጣጠል የካሜራ አንድ ክሊፕ የካሜራ ሁለትን ፕሮክሲ ይዞ ይገኛል። በስሙ ፊት የካሜራውን ምልክትና ቀኑን ቢጨምሩ ይበቃል።

ከዚያ በፕሮጀክት ፓነሉ ላይ ክሊፖቹን መርጠው ቀኝ ክሊክ፣ ፕሮክሲ፣ ክሪኤት ፕሮክሲስ ይበሉ። ፎርማቱን ኩዊክታይም፣ ፕሪሴቱን (ዝግጁ ቅንብሩን) ዝቅተኛ መጠን ያለው ፕሮሬስ ፕሮክሲ ያድርጉ። 960 በ540 ለመቁረጥ በቂ ነው፤ ፋይሉም ባለ ሙሉ መጠኑ ፕሮክሲ ከሚይዘው ቦታ ሩብ ያህል ብቻ ይይዛል። ሚዲያ ኢንኮደር የተባለው የመቀየሪያ ፕሮግራም ተከፍቶ መቀየር ይጀምራል፤ በእርስዎ ማሽን ረጅም ሰዓት ስለሚወስድ ማታ ቻርጀር ላይ ሰክተው፣ ላፕቶፑ ስሊፕ እንዳይገባ አድርገው ይተዉት። ሲጨርስ በፕሮግራም ሞኒተሩ ስር ያለውን የመደመር ምልክት ተጭነው «ቶግል ፕሮክሲስ» የሚለውን አዝራር ወደ መስመሩ ይጎትቱ። አዝራሩ ሰማያዊ ሲሆን የሚያዩት ፕሮክሲውን ነው።

ፕሮክሲ በሌላ ሶፍትዌር ሠርተው አያይዝም ካለዎት አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ድምጹ ላይ ነው። ኦሪጅናሉ ስቴሪዮ ሆኖ ፕሮክሲው ሞኖ ከሆነ ፕሪሚየር አይቀበለውም። የድምጽ ቻናሉ ብዛትም የፍሬም ፍጥነቱም ከኦሪጅናሉ ጋር አንድ መሆን አለበት። ቀለም ሲያስተካክሉ ደግሞ በ«ቶግል ፕሮክሲስ» አዝራሩ ወደ ኦሪጅናሉ ይመለሱ፤ በፕሮክሲው ላይ የመረጡት ቀለም ኦሪጅናሉ ላይ እንደዚያው ላይታይ ይችላል።

ጥያቄ፦ ሁሉንም ወደ ፕሮሬስ 422 ቀይሬ ኤክስተርናል ዲስክ ላይ አስቀመጥኩ። ሁለት ካሜራ ሲሆን አሁንም ይቆራረጣል። ምን ቀረኝ?
አንባቢ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ ኬብሉንና ወደቡን ይመልከቱ። ፕሮሬስ 422 በ25 ፍሬም በሰከንድ 15 ሜጋባይት ገደማ ይጠይቃል፤ ሁለት ካሜራ 30 ሜጋባይት ነው። አሮጌ ዩኤስቢ 2 በተግባር የሚሰጠው ያንኑ ያህል ነው። ፕሮሰሰሩ ተገላገለ፣ ጭነቱ ወደ ዲስኩ ዞረ። ዲስኩን ውስጡ ሰማያዊ በሆነው የዩኤስቢ 3 ወደብ፣ በራሱ የዩኤስቢ 3 ኬብል ይሰኩት። ካልተሻለ የሚሠሩበትን ፕሮጀክት ብቻ ኤስኤስዲ ላይ ያድርጉና ሌላውን በኤክስተርናሉ ያቆዩ።

ጥያቄ፦ በ5ዲ ማርክ 2 የቀረጽኩትን ስቀይር ነጠላው ላይ ያለው ዝርዝር ጠፋ፤ ጥቁር ሱፉም ድብን ብሏል። ኦሪጅናሉ እንደዚህ አልነበረም።
አንባቢ፣ ከዋሽንግተን ዲሲ

መልስ፦ የብርሃን ደረጃው በትክክል ስላልተነበበ ነው። የካኖን ዲኤስኤልአሮች ብርሃኑን ከ0 እስከ 255 ባለው ሙሉ ክልል ይጽፋሉ፤ የተለመደው የቪዲዮ ክልል ግን ከ16 እስከ 235 ነው። መቀየሪያው ሙሉውን እንደ ቪዲዮ ክልል ካነበበው ከ16 በታች ያለው ጥቁር ሁሉ ድብን ይላል፣ ከ235 በላይ ያለው ነጭ ሁሉ ደግሞ አንድ ወጥ ይሆናል። የነጠላው ሽመናና ጥለቱ አጠገብ ያለው እጥፋት የሚገኘው በትክክል እዚያ ስለሆነ ቀድሞ የሚሞተው እሱ ነው።

ዳቪንቺ ሪዞልቭ የተባለው የኤዲቲንግ ፕሮግራም ካለዎት ኦሪጅናሉን ሚዲያ ፑል ውስጥ አስገብተው ቀኝ ክሊክ፣ ክሊፕ አትሪቢዩትስ፣ ዳታ ሌቭልስ የሚለውን «ፉል» ያድርጉና ከዚያ ይቀይሩ። ሁሉንም ከመቀየርዎ በፊት ነጠላና ጥቁር ልብስ አብረው የሚታዩበትን አሥር ሰከንድ ክሊፕ ቀይረው፣ ከኦሪጅናሉ ጎን በዌቭፎርም (የብርሃን ደረጃን በሚያሳየው ግራፍ) ያወዳድሩ። የነጩ ጫፍ እንደ ጠረጴዛ ጠፍጣፋ ሆኖ ከተቆረጠ ቅንብሩ ገና አልተስተካከለም። ኦሪጅናሉ እስካለ የጠፋ ነገር የለም።

ጥያቄ፦ ከቀየርኩ በኋላ ኦሪጅናሉን ላጥፋ? ፕሮሬስ ጥራቱን ይጨምራል ሲሉ ሰምቻለሁ።
አንባቢ፣ ከመቀሌ

መልስ፦ ጥራት አይጨምርም። ካሜራው በ8 ቢት የጻፈውን በ10 ቢት ሣጥን ውስጥ ማስቀመጥ ያልተቀረጸ ቀለም አያመጣም። ፕሮሬስ የሚያግዘው ኤዲቲንጉን ማፍጠንና በየመካከሉ ሪንደር ሲያደርጉ ተጨማሪ ጉዳት መቀነስ ላይ ነው። ቦታ ከጠበበዎት ፕሮክሲውን ያጥፉ፤ በማንኛውም ሰዓት እንደገና ይሠራል። ኦሪጅናሉን ግን ደንበኛው የመጨረሻውን ሥራ ተረክቦ እስኪያረጋግጥ ድረስ በሁለት የተለያዩ ዲስኮች ላይ ያቆዩት፤ ሜሞሪ ካርዱንም ሁለቱም ቅጂዎች ተከፍተው ሳይታዩ ፎርማት አያድርጉ።

ጥያቄ፦ የእንግዶችን የስልክ ቪዲዮ ከካሜራው ጋር ስቀላቅል ድምጹ ቀስ በቀስ ከአፍ ይለያያል።
አንባቢ፣ ከዱባይ

መልስ፦ ብዙ ስልኮች የፍሬም ፍጥነታቸውን እንደ ብርሃኑና እንደ ሙቀቱ ይለዋውጣሉ፤ ድምጹ ግን በቋሚ ፍጥነት ይሄዳል። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ ልክ ነው፣ አሥረኛው ደቂቃ ላይ ከንፈር ቀርቶ ድምጽ ይቀድማል። ሃንድብሬክ በተባለው የቪዲዮ መቀየሪያ ፕሮግራም ላይ «ቪዲዮ» በሚለው ገጽ ስልኩ የቀረጸበትን ፍጥነት፣ ብዙውን ጊዜ 30፣ መርጠው «ኮንስታንት ፍሬምሬት» ያድርጉ፤ የጥራት ቁጥሩን 18 ገደማ፣ ድምጹን 48 ኪሎኸርትዝ ያድርጉት። ሃንድብሬክ የሚያወጣው መልሶ ኤች.264 ስለሆነ ይህ የሚፈውሰው የድምጹን መዛነፍ ብቻ ነው፤ ታይምላይኑ ከከበደ ከላይ እንዳልነው ፕሮክሲ ይሥሩለት። ድምጹን በእጅ እየቆራረጡ ማስጠጋት ግን ይተዉት፤ ፍጥነቱ በየቦታው ስለሚለያይ አንዱን ሲያስተካክሉ ሌላው ይዛነፋል።