ማን አለ? ለማን አለ? የእንግሊዝኛ ኢቀጥተኛ ንግግር ጥያቄና መልስ

መምህር፦ እንደምን አመሻችሁ። ከማታው 2 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት እዚህ ነኝ። የዛሬው ጉዳይ አንድ ብቻ ነው፤ ሰው በእንግሊዝኛ የተናገረውን ለሌላ ሰው ስናወራ ዓረፍተ ነገሩ እንዴት እንደሚለወጥ። እንግሊዝኛውን በራሳችን ፊደል የምጽፈው ጮክ ብላችሁ እንድታነቡት ነው። ስትጠይቁ ሙሉ ዓረፍተ ነገር አምጡ። «አልገባኝም» ጥያቄ አይደለም።

ፈተና ደረሰ፦ መምህር፣ ይህ ነገር ፈጽሞ አልገባኝም።

መምህር፦ አሁን ምን አልኩ?

የማራኪዋ፦ እንደምን አመሹ መምህር። ከጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር ነኝ። ልጄ 9ኛ ክፍል ናት። ሰውየው «ደክሞኛል» ያለውን «ሂ ሴድ ዛት አይ አም ታየርድ» ብላ ጽፋ አስተማሪዋ በቀይ ሰረዘባት። ምኑ ላይ ነው የተሳሳተችው?

መምህር፦ እህቴ፣ እንዲህ ያለውን ጥያቄ ነው የምወደው። ልጅዎ ያሰበችው በአማርኛ ነው፤ በአማርኛ ደግሞ ልክ ናት። «ደክሞኛል አለ» ስንል የደከመው ማን ነው? ያለው ሰውየው ነው እንጂ የምናወራው እኛ አይደለንም። ስለ ጎረቤቴ «ጀግና ነኝ ይላል» ብዬ ባወራ፣ እኔ ጀግና ነኝ ማለቴ መስሎት የሚስቅብኝ የለም። አማርኛ የተናጋሪውን ቃል ከነባለቤቱ ተውሶ መጨረሻው ላይ «አለ»ን ይቀጥልበታል። እንግሊዝኛ ከ«ዛት» በኋላ ይህን አይፈቅድም። እዚያ ያለው «አይ» ወሬውን የሚያወራው ሰው ነው። ስለዚህ ልጅዎ የጻፈችው «እኔ እንደደከመኝ ተናገረ» ሆኖ ተነበበ።

ይህ በራሴ ላይ ደርሶብኛል። ጀማሪ መምህር ሳለሁ ሕንዳዊ የሥራ ባልደረባ ነበረኝ። አንድ ተማሪ ፈቃድ ጠይቆኝ ሲሄድ አይቶ «ምን አለህ?» ቢለኝ «ሂ ሴድ ዛት አይ አም ሲክ» አልኩት። ማታ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ሕንዳዊው በወረቀት ከረጢት ብርቱካን ይዞ ቆሟል፤ በሽተኛ ሊጠይቅ መምጣቱ ነው። ተማሪው ሳይቀር የታዘበልኝ ሕመም ቀላል አይደለም ብሎ ተጨንቋል። ብርቱካኑን አብረን በላነው።

ትክክለኛው «ሂ ሴድ ዛት ሂ ዎዝ ታየርድ» ነው። «አይ» ወደ «ሂ»፣ «አም» ወደ «ዎዝ» ተለወጡ። ማን አለ? ለማን አለ? መቼ አለ? እነዚህን ሦስቱን ሳትጠይቁ እርሳስ አታንሱ።

የአዘዞው፦ ይቅርታ መምህር፣ አማርኛስ «እንደደከመው ተናገረ» ይል የለም ወይ? አማርኛ ኢቀጥተኛ ንግግር የለውም ሊሉን ነው?

መምህር፦ የለውም አላልኩም፤ ግን ጥሩ ቦታ ላይ ያዝከኝ። «እንደሚመጣ ነገረኝ» እንላለን። «እመጣለሁ» የነበረው «እሱ የሚመጣ» ሆኗል፤ ባለቤቱ ተለውጧል። ጊዜውንስ ተመልከተው። «ነገረኝ» ያለፈ ሆኖ ሳለ «እንደሚመጣ» ንቅንቅ አላለም። እንግሊዝኛ ግን «ሴድ» ካለ በኋላ ግሡን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይጎትተዋል። «ኢዝ» «ዎዝ» ይሆናል፣ «ዊል» «ዉድ»፣ «ካን» «ኩድ»፣ «መይ» «ማይት»፣ «ሃቭ» «ሃድ»። ቀድሞውኑ ያለፈው «ወርክድ» እንኳ «ሃድ ወርክድ» ይሆናል። «ሃድ» ላይ የደረሰ ከዚያ ወዲያ መሸሻ ስለሌለው እዚያው ይቆያል፤ «ዉድ»፣ «ኩድ» እና «ሹድ»ም እንዲሁ። ጎበዙ ተማሪ ባለቤቱን በትክክል ቀይሮ ጊዜው ላይ የሚወድቀው ለዚህ ነው፤ «ሂ ሴድ ሂ ዊል ካም» ይላል። ይህን ስህተት የምንሠራው አማርኛችን ደህና ስለሆነ ነው።

የአዘዞው፦ የግእዙም «ወይቤሎ» («አለውም» ማለት ነው) እኮ የተናጋሪውን ቃል እንዳለ ነው የሚያስከትለው። አባቶቻችን እንዲህ የጻፉት...

መምህር፦ ግእዙን ለሌላ ማታ እናቆየው።

ፈተና ደረሰ፦ መምህር፣ መልሱ ኤ ነው ወይስ ቢ?

መምህር፦ የምኑ መልስ?

ፈተና ደረሰ፦ የጥያቄ 7።

መምህር፦ ጥያቄ 7 እኔ ዘንድ የለም። ዓረፍተ ነገሩን ጻፈው።

የቢሮ ጸሐፊ፦ «ሴድ» እና «ቶልድ» ይምታቱብኛል።

መምህር፦ ለማን እንደተባለ ከጻፍሽ «ቶልድ»፣ ካልጻፍሽ «ሴድ»። «ሂ ሴድ ሚ» የሚባል ነገር የለም። ቀጥሎ።

የቢሮ ጸሐፊ፦ አንድ ልጨምር። አንድ እንግዳ «ዌር ዱ ዩ ሊቭ?» አለኝ። «ሂ አስክድ ሚ ዌር ዱ አይ ሊቭ» ልበል?

መምህር፦ «ዱ»ን ጣዪው። «ሂ አስክድ ሚ ዌር አይ ሊቭድ»። ጥያቄው አንዴ ወሬ ከሆነ በኋላ የጥያቄ ቅርጹን ያጣል፤ የጥያቄ ምልክቱም አብሮ ይቀራል። «አዎ» ወይም «አይደለም» የሚባልበት ጥያቄ ከሆነ መሐል ላይ «ኢፍ» ወይም «ዌዘር» ይገባል፦ «ሂ አስክድ ሚ ኢፍ አይ ሊቭድ ኢን ጎንደር»። ትእዛዝ ከሆነ «ቱ»፣ ክልከላ ከሆነ «ኖት ቱ»፦ «ሂ ቶልድ ሚ ኖት ቱ ዌይት»።

የአዘዞው፦ ስልክ ላይ ተጭኖ ይህን ሁሉ የሚቀይር ፕሮግራም የለም?

መምህር፦ ይኖራል። ፈተና ክፍል ስልክ አይገባም።

አስጎብኚው፦ ሥራዬ ፋሲል ግቢ ውስጥ ነው። ለቱሪስት «ፋሲለደስ ፋውንድድ ጎንደር ኢን 1636» እላለሁ፤ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ማለት ነው። ቱሪስቱ ለጓደኛው ሲያወራ «ሃድ ፋውንድድ» ማለት አለበት? ሲሉ ሰምቼ አላውቅም።

መምህር፦ ያልሰማኸው ስለማይሉት ነው። ዓመተ ምሕረቱ ተጠርቶ ከተቀመጠ የሚደናገር የለም፤ ግሡ ባለበት ይቆያል። የመማሪያ መጻሕፍት ሕጉን ያጠብቁታል፤ ሰው ሲናገር ያላላዋል። ፈተና ላይ ግን እንደ መጽሐፉ ጻፉ። ሁልጊዜ እውነት የሆነ ነገርም ሳይጎተት ሊቆይ ይችላል። መምህሩ «ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል» ቢል «ሂ ሴድ ዛት ዎተር ቦይልስ» ትላለህ።

የፊዚክስ መምህር፦ ይቅርታ፣ ጣልቃ ልግባ። ጎንደር ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ አይፈላም። ያ ባሕር ጠረፍ ላይ ነው። እኛ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር አልፈናል፤ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል።

የማራኪዋ፦ ሽምብራዬ እምቢ የሚለኝ ለዚህ ነው እንዴ?

የፊዚክስ መምህር፦ ለዚህም ነው። ውሃው ይንፈቀፈቃል እንጂ ሙቀቱ ከዚያ አያልፍም። እሳት ቢጨምሩበት ውሃው ቶሎ ያልቃል እንጂ ጥራጥሬው ቶሎ አይበስልም። ክዳኑ ጥብቅ የሆነ ድስት ይሻላል።

የአዘዞው፦ ደባርቅማ ይብሳል። እህቴ እዚያ ምስር ጥዳ ገበያ ደርሳ ትመለሳለች።

የማራኪዋ፦ ጨው መጀመሪያ መጨመር ነው የሚያዘገየው ይሉኛል እኮ።

መምህር፦ ምስሩን ወደ ማጀት መልሱት! ይሁን፣ የፊዚክስ መምህራችን ሳያስበው ረድቶኛል። ወሬውን የሚያወራው ሰው ነገሩን እሱም እውነት ነው ብሎ ከተቀበለው «ቦይልስ» ይላል። «እሱ ነው ያለው፣ እኔ የለሁበትም» ማለት ሲፈልግ ግን «ቦይልድ» ብሎ ወደ ኋላ ይጎትተዋል። መምህራችን ነገ ስለ እኔ ሲያወራ «ሂ ሴድ ዛት ዎተር ቦይልድ አት 100 ዲግሪስ» ይላል፤ ትዝብቱን በአንድ «ድ» ውስጥ ቀብሮ። ይህን የሚያስተውል ተማሪ በዓመት አንድ ካገኘሁ ዕድለኛ ነኝ።

አስጎብኚው፦ ሌላ ላስቸግርዎት። ቱሪስቱ ሰኞ ዕለት ፋሲል ገንዳ አጠገብ ቆመን «አይ ዊል ካም ሂር ቱሞሮው» አለኝ። ለሾፌሩ እንዴት ልንገረው?

መምህር፦ መቼ ነው የምትነግረው? የትስ ሆነህ? ይኸው፣ ማን፣ ለማን፣ መቼ ብዬ ብዬ አሁን ደግሞ አራተኛ ልጨምር ነው፤ የት። ረቡዕ ዕለት ፒያሳ ቡና እየጠጣህ ከሆነ «ሂ ሴድ ሂ ዉድ ካም ዜር ዘ ኔክስት ደይ» ነው። በዚያው ሰኞ፣ እዚያው ገንዳው አጠገብ ከሆነ ግን «ሂር»ም «ቱሞሮው»ም ባሉበት ይቆያሉ፤ ቦታው ያው ነው፣ ነገም ገና አልመጣም። «ቱሞሮው»ን ባየ ቁጥር «ዘ ኔክስት ደይ» ብሎ የሚቀይር ተማሪ ሠንጠረዥ ሸምድዶ ነው የመጣው።

ፈተና ደረሰ፦ መምህር፣ ሠንጠረዡን ይላኩልን።

መምህር፦ አልልክም።

የቢሮ ጸሐፊ፦ «መስት»ስ?

መምህር፦ ግዴታ ከሆነ «ሃድ ቱ»። ባለበት ቢቆይም የሚከስሽ የለም።

የፊዚክስ መምህር፦ መምህር፣ 4 ሰዓት ሊሆን ነው። ባለቤቴ ምስሩ ደርሷል አለችኝ፤ ልሂድ።

መምህር፦ ወደ እንግሊዝኛ ሳትመልሰው አትሄድም።

የፊዚክስ መምህር፦ «ማይ ዋይፍ ቶልድ ሚ ዛት ዘ ሌንትልስ ወር ሬዲ»።

መምህር፦ ጎሽ። ወጡ ገና እየተንፈቀፈቀ ከሆነ «አር» ብትልም አልሰርዝብህም።

ፈተና ደረሰ፦ ስለዚህ የጥያቄ 7 መልስ «አር» ነው?