ስድስተኛውን ውርወራ ሳያዩ አይነሱ

ለዚህ ዓምድ ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ሩጫ ናቸው። ሰሞኑን ግን ስለ ሴቶች ጦር ውርወራ ሦስት መጡልኝ፤ ደስ አለኝ። በወጣትነቴ ጦር ወርዋሪ ነበርኩ፣ ዛሬም የስፖርት መምህርት ነኝ። ስለዚህ ሯጮቻችን ለዛሬ ይረፉ። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህርት። የ2023ቱን የቡዳፔስት የዓለም ሻምፒዮና ከልጆቼ ጋር ነበር የተከታተልኩት። በሴቶች ጦር ውርወራ ፍጻሜ አንዲት ጃፓናዊት ሜዳሊያ ውስጥ አልነበረችም። ካሜራው ወደ ሌላ ሄዶ ሲመለስ ወርቅ አግኝታ እየጮኸች ትዘላለች። ምን አመለጠን? ደግሞስ አንድ ጊዜ ብቻ ራቅ አድርጋ ስለወረወረች ነው የምትሸለመው? (አንድ አባት፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ያመለጠዎት ዋናው ነገር ነው፤ ጥፋቱ ግን የካሜራው ነው። ቴሌቪዥን ውርወራን የሚያሳየን በሁለት ሩጫ መሃል ክፍት ጊዜ ሲያገኝ ነው።

ያዩዋት ልጅ ሃሩካ ኪታጉቺ ትባላለች። ለፍጻሜ 12 ሴቶች ቀረቡ። እያንዳንዳቸው ሦስት ጊዜ ወረወሩ፤ ከዚያ ስምንቱ ቀርተው ሦስት ተጨማሪ ሙከራ ተሰጣቸው። ኮሎምቢያዊቷ ፍሎር ዴኒስ ሩዊስ ገና በመጀመሪያው ዙር 65.47 ሜትር ወርውራ ሁሉንም አስደነገጠች። የደቡብ አሜሪካ ክብረ ወሰን ነበር። ከዚያ በኋላ የሚደርስባት ጠፋ። ኪታጉቺ አምስት ጊዜ ወርውራ አራተኛ ላይ ነበረች። አራተኛ ደግሞ ባዶ እጁን ነው ወደ ቤቱ የሚሄደው። በስድስተኛው ሙከራ 66.73 ሜትር ወረወረች። ከአራተኛ በአንድ ጊዜ አንደኛ! ሩዊስ ከእሷ በኋላ የመልስ ዕድል ነበራት፤ አልሆነላትም። አውስትራሊያዊቷ ማኬንዚ ሊትል በ63.38 ነሐሱን ወሰደች።

«አንድ ጊዜ ብቻ» ላሉት፦ አዎ፣ የሚቆጠረው ምርጡ ውርወራ ብቻ ነው። ድምር የለም፣ አማካይ የለም። አምስቱ ቢበላሹ ስድስተኛው ያድናል። ጉዳፍ ጸጋይ እዚያው ቡዳፔስት ላይ 10 ሺውን ስታሸንፍ እያንዳንዱ ዙር ዋጋ ነበረው። ጦር ላይ ግን ያለፈው አለፈ ነው።

አንድ ነገር ልጨምርልዎት። ከሦስተኛው ዙር በኋላ ተራው ይገለበጣል። ስምንተኛዋ ቀድማ ትወረውራለች፣ መሪዋ መጨረሻ ላይ። መሪ መሆን ከውጭ ሲያዩት ምቹ ይመስላል። ግን ቁጭ ብሎ የሌላውን ጦር በዓይን መከተል አንጀት ይበላል። እኔ በበኩሌ ሁለተኛ ሆኜ መጠበቅ ይቀለኝ ነበር።

እንዲህ ዓይነቱ ነገር ደግሞ ብርቅ አይደለም። በ2019 ዶሃ ላይ አውስትራሊያዊቷ ኬልሲ ሊ ባርበር ልክ እንደ ኪታጉቺ አራተኛ ሆና ቆይታ በመጨረሻው ሙከራ 66.56 ወርውራ ወርቁን ወሰደች። በ2015 ቤጂንግ ላይም ጀርመናዊቷ ካታሪና ሞሊቶር በመጨረሻው ሙከራዋ በ67.69 አሸነፈች።

ለእኔ ግን ከሁሉም የሚበልጠው የ1983ቱ ነው። የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና ሄልሲንኪ ላይ ተካሄደ። ለፊንላንዶች ጦር ማለት ለእኛ 10 ሺህ ሜትር ማለት ነው። ያን ዓመት በሜዳቸው፣ በሕዝባቸው ፊት ወርቅ ርቋቸዋል። የቀረቻቸው ቲና ሊላክ ነበረች። እንግሊዛዊቷ ፋቲማ ዊትብሬድ በመጀመሪያው ሙከራዋ 69.14 ወርውራ ስትመራ ቆየች። ሊላክ አንድ ሙከራ ብቻ ቀራት። 70.82 ወረወረች። ከዚያ ሜዳው ላይ መሮጥ ጀመረች፤ የሚያስቆማትም አልነበረም። አገሯ በዚያ ሻምፒዮና ያገኘችው ወርቅ ያ ብቻ ነው።

በሚቀጥለው ጊዜ ከልጆችዎ ጋር ሲያዩ ዓይንዎን ከእጇ ላይ ያንሱና የግራ እግሯን ይዩ፤ በቀኝ ለምትወረውር ማለቴ ነው። ስትንደረደር መጀመሪያ ፊት ለፊት ትሮጣለች። ከዚያ ጦሩን ወደ ኋላ ስባ፣ ጎኗን አዙራ እግሮቿን እያጣመረች ትሄዳለች። መጨረሻ ላይ የግራ እግሯ ሳይታጠፍ መሬቱን ይመታል። ያ እግር ፍሬን ነው። ወገብ ይቆማል፣ ትከሻ ያልፋል፣ ክንድ ከኋላ ተስፈንጥሮ ይመጣል። ጦሩ ከእጅ ሲወጣ በሰዓት ወደ 90 ኪሎ ሜትር ይፈጥናል። ያ ጉልበት ከክንድ ብቻ የመጣ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ጉልበቷ ከታጠፈ ግን ውርወራው እዚያው አለቀ፤ ጦሩ ሳያርፍ በፊት ማወቅ ይችላሉ። በአየር ላይ የሚቆየውም ሦስት ሰከንድ ገደማ ነው።

ልጆቹ «ለምን መስመሩን ሆን ብላ ረገጠች?» ብለው ከጠየቁዎት፣ ውርወራው ስላላማራት ነው። መስመሩ ከተረገጠ ዳኛው ቀይ ባንዲራ ያነሳል፣ ርቀቱም አይለካም። ደካማ ቁጥር ስሟ አጠገብ ከሚጻፍ ባይጻፍ ትመርጣለች። እኛም እናደርገው ነበር።

ጥያቄ፦ ሰላም መምህርት፣ ከጓደኛዬ ጋር ምሳ አሲዘን ተከራክረናል። እኔ የሴቶች የጦር ውርወራ ሪከርድ 72.28 ነው አልኩ። እሱ አንዲት ጀርመናዊት 80 ሜትር ወርውራለች ይላል። ማን ይክፈል? (አንባቢ፣ ከዱባይ)

መልስ፦ ጓደኛህ ይክፈል፤ ግን ውሸታም አትበለው። ፔትራ ፌልክ የምትባል ምሥራቅ ጀርመናዊት በመስከረም 1988 ፖትስዳም ላይ በትክክል 80.00 ሜትር ወርውራለች። ነገር ግን ጦሩ የዛሬው ጦር አይደለም።

የድሮው ጦር በጣም ይንሳፈፍ ነበር። መጨረሻ ላይ አፍንጫውን ወደ መሬት ማዘንበል እምቢ ይልና በሆዱ ያርፋል። ደንቡ ደግሞ ጫፉ ቀድሞ መሬት ይንካ ይላል። ጫፉ ነው ሆዱ ቀድሞ የነካው? ዳኛና አሠልጣኝ በዚህ ሲጨቃጨቁ ይውሉ ነበር። በወንዶቹ በኩል ደግሞ አደጋም መጣ። ኡቬ ሆን በ1984 ምሥራቅ በርሊን ላይ 104.80 ሜትር ወረወረ፤ ስታዲየሙ ሊጠብባቸው ነው። ስለዚህ የወንዶቹ ጦር በ1986፣ የሴቶቹ በ1999 ተቀየረ። የክብደት መሃሉ ወደ ፊት ተገፋ፣ ጫፉም ቶሎ ወደ መሬት መጎንበስ ጀመረ። የሴቶቹ ሪከርድም ከዜሮ ተጀመረ። ክብደቱ ግን ያው 600 ግራም ነው፤ ርዝመቱ ከ2.20 እስከ 2.30 ሜትር።

በአዲሱ ጦር ሪከርዱ የቼኳ ባርቦራ ሽፖታኮቫ ነው፦ 72.28፣ ሽቱትጋርት፣ መስከረም 2008። ከእሷ በፊት የነበረው የኩባዋ ኦስሌይዲስ ሜኔንዴስ 71.70 ሲሆን በ2005 ሄልሲንኪ የዓለም ሻምፒዮና ላይ የተወረወረ ነው። በቅርቡ የሚደፍረው ያለ አይመስለኝም። ፓሪስ ኦሊምፒክ ላይ ኪታጉቺ ወርቅ የወሰደችው በ65.80 ነው። መልካም ምሳ!

ጥያቄ፦ እንደምን አሉ መምህርት። ልጄ 15 ዓመቷ ነው። የስፖርት መምህሯ ጦር ወርውሪ ብሏት ከቤት እየወጣች ነው። አባቶቻችን በጦር የኖሩ ሆነው ሳለ ኢትዮጵያዊት በዓለም መድረክ በጦር ሜዳሊያ ስትወስድ አላየሁም። ጊዜዋን ታባክን ይሆን? ክንዷስ አይጎዳብኝም? (እናት፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ እህቴ፣ ከክንዷ ልጀምር። ጦር የሚወረወረው ከትከሻ በላይ ነው። ክርኗ ከፍ ብሎ፣ ከጆሮዋ አጠገብ ማለፍ አለበት። ድንጋይ እንደሚወረውር ልጅ በጎን ከለቀቀችው የክርኗ ውስጠኛ ጅማት ይጎዳል። ልምምዷ በኳስ ይጀመር፦ ሁለት እጅ፣ ከራስ በላይ፣ ቆሞ። ከዚያ በሦስት እርምጃ። በሙሉ ኃይል መወርወር የየቀኑ ሥራ አይደለም። የትከሻና የሆድ ጡንቻ ማጠንከሪያ ግን ይሁን፣ ምንም አይደል። ክርኗን አመመኝ ካለች ያን ቀን ታቁም፤ «ይለምድብሻል» የሚላትን አትስማ።

ስለ አባቶቻችን ጦር ላሉት፣ እነሱ የሚወረውሩት ዒላማ ለመምታት ነበር። ጉግስ ላይ እንኳ ፈረሰኛው ዘንጉን የሚወረውረው ሰው ላይ ነው። ይሄኛው ጦር ማንንም አይፈልግም፤ ርቀት ብቻ ነው የሚፈልገው። ስለዚህ ሙያው በውርስ አይመጣም፤ ሁሉም ከባዶ ነው የሚማረው። ኬንያዊው ጁሊየስ ዬጎ በዩቲዩብ እያየ ተምሮ በ2015 የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል፤ አገሩም እንደኛ የሯጮች አገር ነው። የደቡብ አፍሪካዋ ሱኔት ቪልዮን በ2016 ሪዮ ላይ ብር ወስዳለች፤ ክሪኬትም ለአገሯ ተጫውታለች። የአፍሪካ ክብረ ወሰን የእሷ ነው፣ 69.35። ፓሪስ ላይ ደግሞ የአገሯ ልጅ ጆ አን ቫን ዳይክ በ63.93 ሌላ ብር ጨመረች። ኪታጉቺ ራሷ አሠልጣኝ ፍለጋ ከጃፓን ተነስታ ቼክ ሪፐብሊክ ድረስ ነው የሄደችው።

በኢትዮጵያ አትሌቲክስ ሻምፒዮናም ጦር፣ ዲስከስና አሎሎ ውርወራ አለ። ጋዜጣ ላይ ሁለት መስመር ቢያገኙ ነው እንጂ። ያነሰን ጉልበት አይመስለኝም፤ ዕቃና ሜዳ ነው። እኔ በወረወርኩበት ዘመን አንድ ውድድር ላይ ሁላችንም በአንድ ጦር ተራ በተራ ስንወረውር ውለናል። መሃሉ ላይ ትንሽ ጎበጥ ያለ ነበር። እያንዳንዷ ከወረወረች በኋላ ሄዳ ነቅላ፣ በጉልበቷ አቃንታ ለቀጣይዋ ታቀብል ነበር።

ጊዜዋን አታባክንም። ሜዳሊያ ባትወስድም ጠንካራ ጀርባና ቀጥ ያለ አቋም ይቀርላታል፤ ይሄ ለማንኛውም ስፖርት ይሆናል።

ከክንዷ ይበልጥ የሚያሳስበኝ የሜዳው ሥርዓት ነው። በ2007 ሮም ላይ፣ ያን ያህል ዳኛ ባለበት ትልቅ ውድድር፣ የፊንላንዳዊው ቴሮ ፒትካማኪ ጦር መስመሩን ስቶ ሄዶ ፈረንሳዊውን ርዝመት ዘላይ ሳሊም ስዲሪን ጎኑ ላይ ወጋው። ስለዚህ አንድ ቀን ልምምዷ ላይ ሄደው ይዩ። ሁሉም ልጆች ከወርዋሪዋ ኋላ ቆመዋል? ጦሩን ለማምጣት የሚሄዱት ሁሉም ወርውረው ሲጨርሱ ነው? እየሮጡ ነው ወይስ እየተራመዱ? ሲነቅሉስ ከኋላቸው ሰው አለ? የጦሩ ጭራም ዓይን ያጠፋል። ሲሸከሙትም ቀጥ አድርገው፣ ጫፉን ወደ ታች ነው።

መምህሯንም የጦሩን ክብደት ይጠይቁልኝ። በእሷ ዕድሜ ላሉ ሴቶች 500 ግራም ነው። ያ ካለው ይላኳት። የወንዶቹን 800 ግራም የሚያስይዛት ከሆነ ግን፣ ሌላ እስኪያገኝ ድረስ በኳስ ትቆይ።