አእምሯቸው ነው የተነካው አንጎላቸው? ከሐይቅ ለመጣ ጥያቄ መልስ

ጠያቂዋ ሐይቅ ላይ ጤና ጣቢያ የምትሰራ እህት ናት፣ ረዘም ያለ ደብዳቤ ነው የላከችው፣ ፍሬ ነገሩን ላስቀምጠው፦

«መምህር ሰላም ነዎት? አባቴን ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ ቀኝ እጃቸው ዝሏል፣ ንግግራቸውም ጠፍቷል። ሰው ያውቃሉ፣ ብር ስንቆጥር ከተሳሳትን ያርሙናል፣ ውሃ ሲፈልጉ ግን ‹ያ… ያ…› እያሉ በእጃቸው ነው የሚያሳዩን። የሚገርመኝ ሰለዋት ሲጀመር አንድም ቃል ሳይስቱ አብረው ይዘልቁታል። ጎረቤትም ዘመድም ‹አእምሯቸው ተነካ› ይላል፣ የተሰጠን ወረቀት ላይም ‹የአእምሮ ጉዳት› ነው የሚለው። አእምሮ ነው አንጎል መባል ያለበት? ሐኪሞቹ አፌዥያ የሚሉትን ይሄን የንግግር መጥፋትስ በአማርኛ ምን እንበለው? ስትሮክ መታው ነው ያዘው? አባቴ ኦሮምኛም ስለሚችሉ በየትኛው እናናግራቸው?»

አብሽሪ እህቴ፣ አባትሽን አላህ አፊያ ያድርጋቸው።

ከቀላሉ ልጀምር። ስትሮክ የአንጎል ደም ስር ሲዘጋ ወይ ደም ሲፈስበት የሚመጣ ጉዳት ነው። «መታቸው» ያልሽው ልክ ነው። አማርኛ በሽታን በሁለት ግስ ይለየዋል፣ ወባ ይይዛል ጉንፋን ይይዛል ሳል ይይዛል፣ የያዘ ነገር ደግሞ ሲያድር ሲውል ይለቃል ብለን ነው የምንጠብቀው። መብረቅ ግን ይመታል፣ ምችም መጋኛም ይመታል፣ ድንገት ነው ማለት ነው። ስትሮክ የሚለው ቃል ራሱ በመጣበት ቋንቋ ምት ማለት ስለሆነ ግሱ ገጥሞለታል። «ያዘው» ካልን ሰውየው እስኪለቀው ቤት ይተኛል፣ እዚህ ላይ ደግሞ መጠበቅ የለም። የሎስ አንጀለሱ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሐኪም ጄፍሪ ሴቨር በ2006 (በፈረንጅ ነው የምቆጥረው) ባወጣው ስሌት ትልቅ የአንጎል ደም ስር በረጋ ደም ሲዘጋ በየደቂቃው ወደ 1.9 ሚሊዮን የነርቭ ህዋስ ይሞታል፣ የረጋውን ደም የሚያቀልጠው መድኃኒትም ባብዛኛው የሚሰጠው ምልክቱ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው፣ እሱም መጀመሪያ በምርመራ ደም የፈሰሰ አለመሆኑ ከታየ በኋላ። አንድ ነገር ብቻ ያሰጋኛል፣ «መታው» ስንል ምች ጎትቶ እንዳያመጣ። ፊቱ የተጣመመ ሰው ሲያዩ ምች ነው ብለው ዳማ ከሴ ሊያሹለት የሚሮጡ ቤተሰቦች አሉና ስሙን ሙሉ አድርጋችሁ ስትሮክ በሉት። «ግፊት መታው» የሚለውም ትንሽ ያሳስታል፣ ደም ግፊት ከመንስኤዎቹ ዋናው ነው እንጂ ምቱ ራሱ አደለም፣ ግፊት እያለበት ስትሮክ ያልመታው ሰው መአት ነው፣ መድኃኒቱን እየዋጠ እንዳይመታው ማድረግ ይቻላል።

አሁን ወደ ዋናው። አእምሮ ከግእዙ አእመረ የመጣ ነው፣ አወቀ ማለት ነው። ስለዚ አእምሮ ማወቂያው ነው፣ ማስተዋሉ፣ ክፉና ደጉን መለየቱ። ጭንቅላት ውስጥ ያለው አካል ደግሞ አንጎል ነው። በግ አርደን ጭንቅላቱ ሲፈለጥ የሚወጣው አንጎል ነው፣ «የበጉን አእምሮ አምጪው» የሚል ሰው ወሎ ውስጥ አይገኝም። ናላም አለ ግን እሱ አሁን እንደ ናላዬ ዞረ ባሉ አባባሎች ውስጥ ነው የቀረው። በመጽሐፍም በሬዲዮም አእምሮን ለአንጎል የሚጠቀም ሞልቷል፣ ሌላ ቦታ ሲሆን አልጣላበትም። በአባትሽ ጉዳይ ግን እጣላበታለሁ፣ ምክንያቱም «አእምሮው ተነካ» የሚለውን የሰማ አማርኛ ተናጋሪ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚረዳው፣ አበደ ማለትን። የአእምሮ ህመምተኛ፣ አእምሮውን ሳተ፣ አእምሮ የጎደለው እያለ ነው ያደገው። (የአእምሮ ህመምም ቢሆን የሚናቅ ነገር አደለም፣ ራሱን የቻለ ህክምና ያለው ህመም ነው፣ ግን ሌላ ነው።) ቃሉ አንዴ ከተለጠፈባቸው ሽምግልና ሲቀመጥ አይጠሯቸውም፣ የልጅ ኒካህ ሲታሰብ ሀሳባቸው አይጠየቅም፣ የመሬት ነገር ፊታቸው ላይ እየተወራ እሳቸው እንደሌሉ ይቆጠራል። እሳቸው ደግሞ ሁሉንም እያዩ ሊሆን ይችላል።

ሊሆን ይችላል ያልኩት ዝም ብዬ አደለም። እንግሊዝ አገር ሼፊልድ ዩኒቨርሲቲ እነ ሮዝመሪ ቫርሊ በ2005 ያወጡት ጥናት አለ፣ ከባድ አፌዥያ ያለባቸውን ሦስት ሰዎች ነው የፈተኑት። ሰዎቹ «ማን ማንን ገደለ» የሚለውን ከአረፍተ ነገሩ መለየት ያቅታቸዋል፣ ገዳይና ሟች ቦታ ሲለዋወጡ ይምታታባቸዋል። ግን ቁጥር ስጧቸው፣ የትኛው ከየትኛው እንደሚቀነስ አይምታታባቸውም፣ ቁጥሮቹ ቦታ ሲለዋወጡ መልሱ እንደሚለወጥ ያውቃሉ፣ ቅንፍ ያለውን ስሌትም ይሰሩታል። አባትሽ ብሩን ሲያርሙ ያየሽው ከዚህ ጋር ይሄዳል። ከዛ ወዲህ የኤም አይ ቲ ዩኒቨርሲቲዋ ኤቭሊና ፌዶሬንኮ ጤነኛ ሰዎችን የአንጎልን ስራ በምስል በሚያነሳ መሳሪያ ውስጥ እያስተኛች ስታጠና ለቋንቋ የሚሰሩት የአንጎል ክፍሎች ሰውየው ሲያነብና ሲሰማ ይነሳሉ፣ ሂሳብ ሲሰራ ወይ እንቆቅልሽ ሲፈታ ግን ያን ያህል አይሰሩም። በ2024 ከኤም አይ ቲ እና ከበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቿ ጋር ኔቸር በሚባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ ባወጡት ጽሁፍ ቋንቋ በዋናነት መግባቢያ እንጂ ማሰቢያ አደለም ብለው ተከራክረዋል፣ አንዱ ዋና ማስረጃቸውም እንደ አባትሽ ያሉ ቃል የጠፋቸው ግን የሚያስቡ ሰዎች ናቸው። በርግጥ ስትሮክ እንደመታው ቦታ ማስታወስንም ትኩረትንም ሊጎዳ ይችላል፣ እሱን ሐኪማቸው ነው ፈትኖ የሚነግርሽ። ቃል ስለጠፋ ብቻ ግን አእምሮ ጠፋ አይባልም። ወረቀቱ ላይ መጻፍ ያለበት «በስትሮክ ምክንያት የደረሰ የአንጎል ጉዳት» ነው።

አፌዥያን በአማርኛ ምን እንበለው ላልሽው፣ አማርኛ ለንግግር እክል የቃል ድሃ አደለም እንዲያውም ተትረፍርፎበታል፣ ችግሩ አብዛኞቹ ወቀሳ አዝለዋል። መንተባተብ አለ፣ እሱ ቃሉ ይታወቃል ግን መጀመሪያው ላይ ይደጋገማል ይያዛል። መኮላተፍ አለ፣ ቃሉም አረፍተ ነገሩም አለ ምላሱ ነው የማያነሳው፣ ሐኪሞች ዲሳርትሪያ ለሚሉት እኔ ይቺን ነው የምመርጠው፣ «ምላሱ ተሳሰረ» ማለትም ይቻላል። ድዳ ሆነ የሚባለው ግን አይሁን፣ አብሮት ብዙ ንቀት ይመጣል። መዘባረቅና መቀባጠር ደግሞ የባሱ ናቸው፣ ምክንያቱም አንድ አይነት አፌዥያ አለ ሰውየው ሳይቋረጥ ጥሩ አድርጎ የሚያወራበት፣ ዜማውም አማርኛ ነው ፍጥነቱም፣ ቃላቱ ግን ከቦታቸው ወጥተዋል ወይ ከነጭራሹ የሌሉ ቃላት ናቸው፣ የሚባለውንም በደንብ አይረዳም። ጀርመናዊው ሐኪም ቬርኒከ በ1874 የገለጸው ነው። እንዲህ ያለውን ሰው «ይቀባጥራል» ካልነው ጥፋተኛ አደረግነው፣ መቀባጠር ሰው ፈልጎ የሚያደርገው ነገር ነውና። ሌላው ፈረንሳዊው ሐኪም ብሮካ በ1861 ያሳየው ነው፣ ሰውየው የሚባለውን ባብዛኛው ይረዳል፣ ሲናገር ግን ቃል እየተቆረጠ በምጥ ነው የሚወጣለት። የብሮካ በሽተኛ «ታን» ከምትል ድምፅ ሌላ ብዙም አልነበረውም፣ ስሙም ታን ሆኖ ቀረ። የአባትሽ «ያ… ያ…» ወደዚህኛው የተጠጋ ይመስላል፣ ለይቶ መናገር ግን የባለሙያ ስራ ነው።

ለሁለቱም የሚሆን፣ ማንንም የማይወቅስ አባባል እኛው ዘንድ አለ፦ «ቃል ጠፋቸው።» አማርኛ እዚህ ላይ ደግ ነው፣ ራበኝ አመመኝ ጠፋኝ ስንል ሰውየውን አድራጊ አናደርገውም፣ የሚደርስበት ነው የምናደርገው። ስለዚ ለህሙማን በሚሰጥ ወረቀት ላይ አፌዥያን «ቃል መጥፋት»፣ ዲሳርትሪያን «መኮላተፍ» ብትሉ ባላገሩም ይገባዋል፣ ለሐኪሙ አፌዥያ የሚለውን አጠገቡ አስቀምጡለት።

የቃል መጥፋትንና የመኮላተፍን ልዩነት ቁልጭ አድርጎ የሚያሳይ በ2023 የሳን ፍራንሲስኮው ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ያወጣው ስራ አለ። አንዲት ሴት ስትሮኩ የመታት አንጎልን ከህብለ ሰረሰር የሚያገናኘው ግንዱ ላይ ነበር፣ ቃላቱ ሁሉ አሏት፣ ወደ ምላስና ከንፈር የሚሄደው ትዕዛዝ ነው የተቆረጠው፣ 18 አመት ሳትናገር ኖራለች። የኤድዋርድ ቻንግ ቡድን አንጎሏ ላይ 253 ኤሌክትሮድ (የአንጎልን የኤሌክትሪክ ምልክት የሚቀበሉ ትናንሽ ነገሮች) አስቀምጦ ልትናገር ስትሞክር የሚነሳውን ምልክት በኮምፒውተር እየፈታ በደቂቃ ወደ 78 ቃል አወጣላት። ይሄ ገና በምርምር ደረጃ ያለ ነገር ነው። የሰራላት ግን ቃሉ ስላልጠፋት ነው፣ ቃል ለጠፋው ሰው የሚያስፈልገው ሌላ ህክምና ነው።

አንድ የሰዋስው ነገር ልጨምር፣ ለቤተሰብ ይጠቅማል። በእንግሊዝኛ አፌዥያ ያለበት ሰው የቃሉን ጭራ ጥሎ ግንዱን ብቻ ይናገራል። በሴም ቋንቋ ይሄ አይቻልም፣ ስ-ብ-ር የሚሉትን ሦስት ድምፆች አናባቢ ሳትሰጪያቸው ከአፍ አይወጡም፣ ወይ ሰበረ ወይ ይሰብራል ወይ ስበር መሆን አለባቸው። የቋንቋ አጥኚው ዮሴፍ ግሮድዚንስኪ በ1984 በዕብራይስጥ እንዳሳየው በሽተኛው የቃሉን መልክ አይጥልም፣ ያሳስተዋል እንጂ። አማርኛም የተሰራው በዚያው መንገድ ስለሆነ ተመሳሳይ ነገር ጠብቂ። አባትሽ «ሄደ» ቢሉ «ልሂድ» ማለታቸው ሊሆን ይችላል፣ ማን ሄደ እያላችሁ አታድክሟቸው። እናትሽን «አንተ» ቢሏቸው፣ ትልቁን ሰው «አንተ» ቢሉት ንቀት አደለም፣ መጨረሻዋ ፊደል ናት የተሳሳተችው። ይሄን ለእንግዳ አስቀድመሽ ንገሪ።

ሰለዋቱስ? ብዙ ሰው እዚህ ጋር ይጠራጠራል፣ ዱዓ ላይ ምላሳቸው የሚፈታው እያወቁ ነው እንዴ ይላል፣ ጅን ነው የሚልም አይጠፋም። አደለም። አማርኛ እራሱ ለይቶታል፣ ፋቲሃን ወይ አቡነ ዘበሰማያትን «በቃሌ ይዤዋለሁ» እንላለን፣ የቄስ ትምህርት ቤቱም የቃል ትምህርት ይለዋል። በቃል የተያዘ ነገር አንዱ ሌላውን እየጎተተ ነው የሚወጣው፣ ቁጥር መቁጠርም የሳምንቱ ቀናትም ስድብም እንደዛው ነው። ውሃ ለማለት ግን ከብዙ ሺህ ቃል ውስጥ አንዷን አሁን መርጦ ማውጣት ያስፈልጋል፣ የጠፋው እሱ ነው። ዜማ ሲጨመርበት የአንጎል ቀኝ ጎን ያግዛል የሚል ሀሳብ አለ፣ በ1973 ቦስተን ላይ በዜማ ቃል የማስወጣት ህክምና የጀመሩትም ከዚህ ተነስተው ነው፣ ግራ እጅን ቀስ እያደረጉ መታ መታ በማድረግ አጭር ሀረግ ያዜማሉ። እኛ አገር መንዙማ የማያውቅ ሽማግሌ የለም፣ ስለዚ «ውሃ ስጡኝ» የምትለዋን ሀረግ አባትሽ በሚያውቁት የመንዙማ ዜማ አብረሻቸው በያት፣ ቶሎ ላይመጣ ይችላል፣ ሰለዋት ማለታቸውም ብቻውን ወደ ንግግር አይለወጥም፣ ግን መግቢያ በር ነው። የንግግር ህክምና ባለሙያ ካገኘሽ እሱን ጠይቂ።

የኦሮምኛው ነገር፦ በሁለቱም አናግሯቸው። ፒትር የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም በ1895 በሽተኛው በደንብ የለመደው ቋንቋ ቀድሞ ይመለሳል ብሎ ነበር፣ በኋላ ሲታይ ግን አንዳንዱ ላይ ሁለቱም እኩል ይመለሳሉ፣ አንዳንዱ ላይ አንዱ ብቻ ቀድሞ ይወጣል፣ ያም ዋናው ቋንቋ ላይሆን ይችላል። አባትሽ ኦሮምኛ ያወሩ የነበረው ከማን ጋር እንደሆነ አስቢ፣ የባቲ ሰኞ ገበያ ጓደኛ ካላቸው አስመጪላቸው፣ ቁጭ ብሎ የከብት ዋጋ ያውራቸው፣ ቀስ እያለ፣ አንድ በአንድ፣ መልሳቸውንም እየጠበቀ። ቃሏ በኦሮምኛ ከወጣች በኦሮምኛ ተቀበሏት፣ «በአማርኛ በሉን» አትበሏቸው።