ልጁ ባለበት ሁላችሁም በምልክት አውሩ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ልጅሽ አንድ ዓመት ከሁለት ወሩ ነው። እንደማይሰማ ያወቃችሁት በቅርቡ ነው፤ የመስሚያ መሣሪያም ሊደረግለት ነው። አንቺ የምልክት ቋንቋ መማር ትፈልጊያለሽ። ዘመድ ግን «ምልክት ከለመደ አፉን አይፈታም» ይልሻል። በዚህ ዕድሜዬ አዲስ ቋንቋ ይገባኛል ወይ ብለሻል። በተሰባበረ ምልክት ልጄን እንዳላበላሸው ብለሽም ሰግተሻል። ባለቤትሽ ደግሞ ሰው ፊት እጁን ማንቀሳቀስ ያፍራል። እኔ የምሰማ እናት ነኝ፤ ልጄ አትሰማም። አሁን ትልቅ ልጅ ሆናለች። ያየሁትን ልንገርሽ።

ከዘመዶችሽ ልጀምር። ስጋታቸው አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1880 መስማት የተሳናቸውን ልጆች የሚያስተምሩ ሰዎች ሚላን ላይ ተሰብስበው ነበር። ልጆቹ በንግግር ብቻ ይማሩ ብለው ወሰኑ። ከተሰብሳቢዎቹ ከጥቂቱ በቀር ሁሉም የሚሰሙ ሰዎች ነበሩ። ከዚያ ወዲህ በብዙ አገር ልጆች በክፍል ውስጥ በእጃቸው እንዳያወሩ ተከለከሉ። በ2010 ያው ዓለም አቀፍ ጉባኤ ቫንኩቨር ላይ ሲሰበሰብ የሚላኑን ውሳኔ ውድቅ አደረገ፤ ስላደረሰው ጉዳትም ማዘኑን ገለጸ። ይህን ለማለት 130 ዓመት ፈጀ። ሐሳቡ ግን እስከ ዛሬ በየቤቱ ይዞራል።

ምልክት ንግግርን አያግድም። መሣሪያው ጥሩ ድምፅ ካመጣለት ልጅሽ ይጠቀምበታል። ካላመጣለት ደግሞ ቋንቋ አስቀድሞ ይዟል። መሣሪያው ምን ያህል እንደሚረዳው ለማወቅ ጊዜ ይወስዳል፤ የልጅ አእምሮ ግን ያን እስኪያውቅ አይጠብቅም። ቋንቋን እንዲህ በቀላሉ የሚቀበለው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነው። ያ ጊዜ ባዶውን ካለፈ በኋላ መሙላቱ በጣም ከባድ ነው። እኔን የሚያስፈራኝ ልጁ አለመስማቱ ሳይሆን ያለ ቋንቋ መቆየቱ ነው።

«ከንፈር ያነባል» የሚሉሽም ይኖራሉ። መስታወት ፊት ቁሚና ድምፅ ሳታወጪ «ባባ»፣ «ማማ»፣ «ፓፓ» በይ። ከንፈርሽ ላይ ሦስቱም አንድ ናቸው። ቋንቋውን የሚያውቅ ትልቅ ሰው የጎደለውን ከጨዋታው አካሄድ ይገምታል። ቋንቋ ገና ያልያዘ ሕፃን ከምን ተነሥቶ ይገምት?

የተሰባበረ ምልክት ያበላሸዋል ላልሽው፣ አያበላሸውም። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ወላጆቻቸው የሚሰሙ፣ እነሱ ግን የማይሰሙ ልጆችን ተመልክቷል። ስድስት ወር ሳይሞላቸው ምልክት ማየት የጀመሩት የቃላት ዕውቀታቸው ለዕድሜያቸው እንደሚጠበቀው አድጓል። ትንሽ ዘግይተው የጀመሩት ራሳቸው የሚጠቀሙባቸው ቃላት መጀመሪያ ቢያንሱም በፍጥነት እየጨመሩ ሄደዋል። አስቢው፣ እነዚያ ወላጆችም እንዳንቺ ገና ተማሪዎች ነበሩ። ልጅ ከሚሰጠው በላይ ይወስዳል። የእኔም ልጅ ዛሬ ከእኔ እጅግ የተሻለች ናት፤ ሳትቸኩል እያቆመች ታስረዳኛለች።

አሁን ከሁሉ በላይ ልነግርሽ ወደምፈልገው ልምጣ። ሁላችንም ስንጀምር ለልጁ ምልክት «ማስተማር» ነው የሚታየን። ኳስ እናሳያለን፣ የኳስን ምልክት እንሠራለን፣ ድገም እንለዋለን። ይህ ክፉ አይደለም። ነገር ግን የሚሰማ ልጅ አፉን የሚፈታው ተቀምጦ ተምሮ ነው? እናቱ በስልክ ስታወራ ይሰማል። አባቱ ስለ ሥራው ሲያማርር ይሰማል። ወንድምና እህቱ ሲጣሉ ይሰማል። ለእሱ ካልተነገረው ብዙ ነገር ይለቅማል። የማይሰማ ልጅ የሚያገኘው ፊታችንን ወደ እሱ አዙረን የሰጠነውን ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ ያልፈዋል።

መስማት የተሳናቸው ትልልቅ ሰዎችን ስለ ልጅነታቸው ጠይቂያቸው። ብዙዎቹ ስለ ቤተሰብ ገበታ ያነሡልሻል። ሁሉም ይስቃል። «ምንድን ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። «ምንም አይደለም፣ በኋላ እነግርሃለሁ» ይባላሉ። በኋላ የሚባለው አይመጣም። ይህን ስሰማ ሆዴ ይባባል፤ ይህን የሚነግሩኝ በሚወዷቸው ቤተሰቦች መካከል ያደጉ ናቸውና።

ስለዚህ ልጁ ባለበት ክፍል አንቺና ባለቤትሽ እርስ በርስ በምልክት አውሩ። ወሬው እሱን ባይመለከትም። «ቁልፉ የት አለ?» «በሩ አጠገብ።» «ደክሞኛል።» «ነገ ማን ይሄዳል?» ቀርፋፋ ይሁን፣ ምልክት ይጥፋችሁ፣ መጽሐፍ ግለጡ፣ ቪዲዮ እዩ። ልጁ ሁለት ትልልቅ ሰዎች በእጃቸው ሲግባቡ ማየት አለበት። አንድ ቀን እኔና ባለቤቴ አክስቷ ቤት እንሂድ ወይስ እንቅር እየተባባልን ነበር። ልጄ ወለሉ ላይ ትጫወታለች፤ ማንም አልጠራትም። ተነሥታ ሄደች፣ ጫማዋን ይዛ መጣች፣ አክስቷን በምልክት እየጠራች። ያልነገርናትን ወሬ ሰርቃ መያዟ ነበር። ከዚያ በኋላ ቤት ውስጥ በምልክት ማውራት ሸክም ሆኖብን አያውቅም።

ዓይኑ ጆሮው መሆኑን ግን እጅሽ ራሱ መልመድ አለበት። ሳያይሽ አታውሪው። ትከሻውን ነካ አድርጊው፣ በሚያይበት አቅጣጫ እጅሽን አወዛውዢ፣ ወይም መብራቱን ብልጭ አድርጊ። ከኋላ መጥተሽ አታስደንግጪው፤ አገጩን ይዘሽም ፊቱን አታዙሪው። መስኮት ከጀርባሽ ከሆነ ፊትሽ ጨለማ ይሆንበታልና ቦታ ቀይሪ። መጽሐፍ ስታነቢለት ከጎኑ ሳይሆን ፊት ለፊቱ ተቀመጪ። ሥዕሉን ይይ፤ ጠብቂው፤ ቀና ሲል ያን ጊዜ ንገሪው። ቀና ካላለ ምልክቱን ሥዕሉ ላይ ወይም ክንዱ ላይ ሥሪው። ሥዕል እያየ ምልክት ማየት አይችልም፣ ዓይኑ አንድ ቦታ ነው የሚሆነው። ይህ መጠበቅ መጀመሪያ ላይ ያንቀረፍፋል፤ ቆይቶ ይለመዳል። ማታ ደግሞ መብራት ከጠፋ ወሬው አለቀ ማለት ነው። ትንሽ መብራት ትታችሁ ጨዋታችሁን ጨርሱ።

ፊትሽንም አትርሺ። በብዙ የምልክት ቋንቋዎች ቅንድብ ከፍ ሲል «ነው ወይስ አይደለም» የሚል ጥያቄ ነው፤ ሲኮሳተር «የት? ማን? ለምን?» ይሆናል። ዊልያም ስቶኪ የተባለ አሜሪካዊ የቋንቋ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1960 እንዳሳየው ምልክት የእጅ ቅርጽ፣ ቦታና እንቅስቃሴ አለው። አንዱ ከተቀየረ ትርጉሙ ይቀየራል። በአሜሪካ ምልክት ያው የእጅ ቅርጽ ግንባር ላይ «አባት»፣ አገጭ ላይ «እናት» ነው። የራሱ ሰዋስው ያለው ሙሉ ቋንቋ ስለሆነ ከአፍ ቃላትሽ ጋር ቃል በቃል አይሄድም። በአፍ እያወሩ ምልክት መሥራትን ብዙዎች ይመክሩሻል። እኔ አልወደውም። አፍሽ ይቀድምና ምልክቱ መቆራረጥ ይጀምራል። ለድምፅም ለምልክትም የየራሱን ጊዜ ስጪው።

የምትማሪው በተቻለ መጠን መስማት ከተሳናቸው ሰዎች ይሁን። ቋንቋው የእነሱ ነው። ልጅሽም እንደ እሱ የማይሰማ፣ አድጎ ሥራ የያዘ፣ ቤተሰብ የመሠረተ ሰው ያያል። በኢንተርኔት ቪዲዮ ከተማርሽ የአገርሽ የምልክት ቋንቋ መሆኑን አረጋግጪ። እንግሊዝና አሜሪካ በአንድ ቋንቋ ይናገራሉ፤ ምልክታቸው ግን የተለያየ ነው። ቃልን ፊደል በፊደል በጣት የሚያሳዩበት የጣት ፊደላቸው እንኳ አንዱ በሁለት እጅ፣ ሌላው በአንድ እጅ ነው።

ከፊደልና ከቀለም አትጀምሪ፤ ያ ለአዋቂ ተማሪ ይሆናል። ልጅሽ ከሚያየውና ከሚፈልገው ጀምሪ፦ መብራት፣ ኳስ፣ እንደገና፣ አለቀ፣ የት፣ አመመኝ። የእሱ ምልክት መጀመሪያ የተዛባ ይሆናል፤ «መኪና»ን «ቲና» እንደሚል ልጅ ማለት ነው። እጁን ይዘሽ አታስተካክዪው። እንደገባሽ አሳዪው፣ ራስሽ በትክክሉ መልሺለት።

ስለ ዕድሜሽ፦ መሥራቱ ቶሎ ይመጣል፣ የሌላውን ምልክት ማንበቡ ግን ይዘገያል። ዓይንሽ ይደክማል። ደጋግሚልኝ ማለት ነውር የለውም።

ባለቤትሽ ደግሞ ሰው ፊት ከማድረጉ በፊት ቤት ውስጥ የራሱ የሆነ ነገር ይኑረው። ምልክት የምታውቂው አንቺ ብቻ ከሆንሽ የአባትና የልጅ አስተርጓሚ ሆነሽ ትቀሪያለሽ፤ ያ ለሦስታችሁም አይበጅም። በእኛ ቤት የማታ ገላ ማጠብ የአባትዬው ሥራ ሆነ። ውሃ፣ ሙቅ፣ ቀዝቃዛ፣ እንደገና፣ በቃ። ሲሳሳት አልገባሁም፣ አላረምኩም። ልጅሽ አሁን በጣም የሚወደው ነገር ምን እንደሆነ ጻፊልኝ፤ ለባለቤትሽ የትኛውን ጨዋታ ብትተዪለት እንደሚሻል አብረን እናያለን።