ኮድ 28 ማለት ካርዱ ተቃጠለ ማለት አይደለም

ከደሴ የጻፈልኝ ወንድሜ አሮጌ ዴስክቶፑን ከኤክስፒ ወደ 64 ቢት ዊንዶውስ 10 አስቀይሮ ኔትወርክ እምቢ ብሎታል። ዲቫይስ ማናጀር (ዊንዶውስ የኮምፒውተሩን ዕቃዎች የሚዘረዝርበት ቦታ) ውስጥ «ኢተርኔት ኮንትሮለር» የሚለው፣ ማለትም የኔትወርክ ካርዱ ላይ ቢጫ ምልክት አለ፤ ሲከፍተው ኮድ 28 ይላል። ከካርዱ ጋር የመጣው ሲዲ አልሠራም። ጥገና ቤት ቢወስደው «ካርዱ ተቃጥሏል፣ አዲስ ግዛ» አሉት። ልግዛ ወይ ነው ጥያቄው።

ቆይ፣ አትግዛ። ኮድ 28 ድራይቨር (ዊንዶውስ ካርዱን እንዲያሠራው የሚያደርገው ፕሮግራም) አልተጫነም ነው የሚለው፣ በቃ። ኮምፒውተሩ ካርዱን አይቶታል፣ መለያ ቁጥሩንም አንብቧል፤ የጎደለው የሚያሠራው ድራይቨር ብቻ ነው። የተቃጠለ ካርድ ብዙ ጊዜ ዝርዝሩ ውስጥ ጭራሽ አይታይም። ኮድ 10 (ዕቃው መነሳት አልቻለም የሚለው) ቢሆን ኖሮ እኔም እጠራጠር ነበር። ይህን ሳያዩ ሰውን ገንዘብ አስወጥቶ ካርድ ማስገዛት ከልቤ ያናድደኛል።

ሲዲው እምቢ ያለው የኤክስፒ ዘመን ስለሆነ ነው። በዚያ ጊዜ ሲዲ ላይ የሚመጣው ድራይቨር አብዛኛው 32 ቢት ነው። 64 ቢት ዊንዶውስ ተራ የ32 ቢት ፕሮግራም ያስኬዳል፤ ድራይቨር ግን ከርነሉ (የዊንዶውስ እምብርት) ውስጥ ገብቶ ስለሚሠራ 32 ቢት ከሆነ በፍጹም አይቀበለውም፣ ኮምፓቲቢሊቲ ሞድ አድርገህ ብትሞክር፣ አድሚን ሆነህ ብትከፍት፣ ደጋግመህ ሪስታርት ብታደርግ ያው ነው።

አሁን ቁጥሩን እንይ። ቢጫ ምልክት ያለበትን ራይት ክሊክ አድርግ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ከዚያ ዲቴይልስ፣ ከዚያ ከዝርዝሩ ሀርድዌር አይዲስ የሚለውን ምረጥ። «ቬን» ከሚለው ቀጥሎ ያሉት አራት ምልክቶች አምራቹን ይናገራሉ፣ «ዴቭ» ከሚለው ቀጥሎ ያሉት ደግሞ ሞዴሉን። 10ኢሲ ሪልቴክ ነው፣ 8086 ኢንቴል፣ 14ኢ4 ብሮድኮም። 10ኢሲ እና 8139 ካየህ በየቤቱ የነበረችው የሪልቴክ ካርድ ናት፣ ፍጥነቷ እስከ 100 ሜጋቢት።

ድራይቨር የምትፈልገው በዚህ ቁጥር ነው፣ ካርቶኑ ላይ ባለው ስም አይደለም። ዲ-ሊንክን ውሰድ፦ ዲኤፍኢ-530ቲኤክስ የምትባለው ካርድ የቪያ ቺፕ አላት፤ ያችው ስም መጨረሻዋ ላይ የመደመር ምልክት ሲጨመርባት ግን ቺፑ የሪልቴክ 8139 ዘር ሆኖ ታገኘዋለህ። በአንዲት ምልክት ድራይቨሩ ሌላ ሆነ ማለት ነው። ብዙ ሰው ቀኑን ሙሉ የሚለፋው እዚህ ጋ ነው።

ኢንተርኔት ከሌለኝ ከየት ላውርድ ካልክ ስልክህ አለልህ። አንድሮይድ ስልክህን በዩኤስቢ ሰካና ዩኤስቢ ቴዘሪንግ (የስልኩን ኢንተርኔት ለኮምፒውተር የሚያጋራውን) አብራ፣ ዊንዶውስ 10 ራሱ እንደ ኔትወርክ ያየዋል። መጀመሪያ ዊንዶውስ አፕዴት አስፈልገው፣ ብዙ ጊዜ እዚያው ይጨርሳል (ዳታህን እንዳይበላው ግን ድራይቨሩን ሲያገኝ ቴዘሪንጉን አጥፋ)። ካጣው ከቺፑ አምራች ገጽ ለዊንዶውስ 10፣ እሱ ከሌለ ለዊንዶውስ 7 የተሠራውን 64 ቢት አውርድ፤ ለአሮጌ ካርድ የ7ቱ ብዙ ጊዜ 10 ላይም ይሠራል። «ሁሉንም ድራይቨር በአንድ ክሊክ» ከሚሉት ፕሮግራሞች ራቅ፣ ከድራይቨሩ ጋር ያልጠራኸውን ነገር ይጭኑብሃል።

ሴታፑ (ያወረድከው ማስጫኛ) እምቢ ካለ የታሸገውን ፋይል ዘርግተህ፣ አፕዴት ድራይቨር ውስጥ ራሴ ልምረጥ ብለህ፣ ሀቭ ዲስክ በሚለው መጨረሻው «አይኤንኤፍ» የሆነውን ፋይል አሳየው። ኮድ 52 ካመጣ የድራይቨሩን ፊርማ አላመነውም ማለት ነው። የፊርማ ቁጥጥሩን አጥፍተህ አትተወው፣ ሌላ ቨርዥን ፈልግ።

አሁንም ልብህ ካላመነ ሊኑክስ ሚንት የሚባለውን ነጻ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ፍላሽ ላይ አድርገህ ሳትጭነው ከፍላሹ አስነሳ። የ8139 ድራይቨር ከሊኑክሱ ጋር ነው የሚመጣው። እዚያ ኢንተርኔት ከሠራ ካርዱ ጤነኛ ነው፣ ጣጣው የዊንዶውሱ ነው። እዚያም ካልታየ ኮምፒውተሩን አጥፍተህ ከመብራት ንቀል፣ ካርዱን አውጣ፣ ወርቃማ ጥርሶቹን በንጹህ ላጲስ በቀስታ ጠርገህ አቧራውን አራግፍና መልሰህ እስኪገባ ድረስ ተጫነው።

ይህ ሁሉ አልሆነ ካለህ ያኔ ግዛ። ግን አሮጌው ካርድ የሚገባበት ረጅሙ ስሎት ፒሲአይ ነው፣ አሁን ሱቅ ያለው ካርድ አብዛኛው ፒሲአይ ኤክስፕረስ ስለሆነ እዚያ አይገባም። ማዘርቦርድህ ላይ የፒሲአይ ኤክስፕረሱ አጭር ስሎት ከሌለ ከዩኤስቢ ወደ ኔትወርክ ኬብል የሚቀይረውን ግዛ።